ተማሪን በቡና ሥራ ስለ ማስተማር

የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በፈረንጅ ቁጥር በ1952 ዓ.ም. በኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ ሲከፈት ትምህርቱ ከማሳ ሥራ ጋራ የተያያዘ ነበረ። ይህ ሥርዓት ለሰቶ ሰመሮ ልጆች ዛሬም ይበጃል።

ለተማሪው ከመሣሪያው አስቀድሞ ጥያቄው ይሰጠው፤ ይኸውም «ከአንድ ማሳ የተለቀመው ቡና ግማሹ ስለ ምን አፈር አፈር ይሸታል?» የሚል ነው። ተማሪዎቹ ቀዩን እሸት ለሁለት ከፍለው አንዱን በመሬት፣ ሁለተኛውን በአልጋ ላይ ያሰጡታል። ከየክፍሉ ጥቂት እየፈለፈሉ፣ እርጥበቱ ወደ 12 ከመቶ እስኪወርድ ድረስ በመለኪያ እየለኩ ይጽፋሉ፤ በመጨረሻም ቆልተው ይቀምሱታል። መለኪያው ባይገኝ ተራ ሚዛን ይረዳል፤ ቡና ሲደርቅ ይቀላልና።

ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለ ሆነ ተማሪው ከክፍል የሚጠፋው በዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ የወረዳው ሹም ትምህርቱ በማስጫው ስፍራ እንዲሰጥ ይፍቀድ፤ ባለ እርሻውም አንድ አልጋ ይልቀቅ።