የአሠራር ገለጻ አንቀጽ፦ የጠበበ ጫማን ማስፋት

አንድን ሥራ ከነቅደም ተከተሉ የሚያስረዳ አንቀጽ የአሠራር ገለጻ ይባላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ወይም ምክንያቱ ከተዘለለ አንባቢው ሥራውን ያበላሻል። የሚከተለውን ምሳሌ አስተውላችሁ አንብቡ።

የጠበበ ጫማ ጣትን ያጣብቃል፤ ተረከዝን ይልጣል። ጫማው ከቆዳ የተሠራ ከሆነ ግን ወርዱ በጥቂቱ ሊሰፋ ይችላል፤ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ እንደተወጠረ ከደረቀም ቅርጹን ይይዛልና። በመጀመሪያ የጫማውን ውስጥ ተጨምቆ በወጣ እርጥብ ጨርቅ አብሱ። ቀጥሎ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ተጫሙትና በቤት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ተራመዱ። ከዚያም አውልቃችሁ የተጨማደደ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና በጥላ ሥር አድርቁት፤ በእሳት አጠገብ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ የጫማ ቅባት ቀቡት። ይህ ዘዴ የጫማውን ርዝመት አይጨምርም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ያነሰ ጫማ ለታናሽ ቢሰጥ ይሻላል።

መልመጃ

ሀ. ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ቃላት ከምሳሌው አውጥታችሁ ጻፉ።

ለ. «በጥላ ሥር አድርቁት» የተባለው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ባይገለጽ አንባቢው ምን ሊሳሳት ይችላል?

ሐ. በቤታችሁ የምታውቁትን አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ የእያንዳንዱን ተግባር ምክንያት በመግለጽ፣ አንድ አንቀጽ ጻፉ።