ከተከራዩት ቤት መልቀቅና ማስለቀቅ

በአዲስ አበባ ዙሪያ የሸጎሌን የከብት ገበያ የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። እዚያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ አስኪዶ ያየዋል። ብሩን የሚቆጥረው እማኝ አቁሞ ነው። ይኸው ሰው እዚያው ሸጎሌ ለልጁ አንድ ክፍል ቤት ሲከራይ ግን ነገሩን በቃል ይጨርሰዋል። ጣጣው የሚመጣው ኋላ፣ መለያየት ሲመጣ ነው።

አባቶቻችን ጢሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ባለመሬቱ «ልቀቅ» ካለ ጢሰኛው መሄጃ አልነበረውም። ያንን ሥርዓት የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሻረው። በከተማ ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረጋቸው። የቀበሌ ቤት የምንለው የመጣው ከዚያ ነው፤ የራሱ መመሪያ ስላለው እዚህ አንገባበትም። ዛሬ ብዙ ሰው የሚከራየው ከግለሰብ ነው። ስለዚህም አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል።

በዚህ አዋጅ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል። በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም።

ምሳሌ እናንሣ። አንዲት እናት ጓሯቸው ያለችውን ክፍል ከገጠር ለመጣ ወጣት አከራዩ እንበል። ስድስት ወር ሳይሞላ ሌላ ሰው የበለጠ ብር አቀረበ። «ልጄ፣ ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ልቀቅልኝ» አሉት። በልማድ ቢሆን ወጣቱ «እሺ፣ እማማ» ብሎ ፍራሹን ይጠቀልላል። በሕግ ግን ይህ ቃል ብቻውን ውሉን አያቋርጥም። ኪራይ ለመጨመር ብሎ ማስወጣትም አይቻልም፤ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው።

እማማም ቢሆኑ ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። የብዙ ባልቴት ጉሮሮ የሚዘጋው በዚያች አንድ ክፍል ኪራይ ነው። ስለዚህ ሕጉ ለእሳቸውም ያስባል። ተከራዩ ኪራይ በጊዜው ካልከፈለ፣ ቤቱን ካበላሸ፣ መኖሪያውን ለሌላ ሥራ ካዋለ፣ ጎረቤት ከረበሸ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን በር መንቀል፣ ውሃና መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ደጅ መጣል የለም። «እምቢ፣ አልወጣም» ካለ ወረዳ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። ቤቱ ከተሸጠ ወይም ለወራሽ ካለፈስ? ተከራዩ በማግሥቱ አይባረርም፤ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።

ተከራዩም መልቀቅ ሲፈልግ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ኋላ የሚመጣውን ተከራይ ስም የሚያጠፋው እሱ ነው። ከሁለት ወር በፊት ማስታወቅ ይገባዋል። ማስታወቂያውን ራሳችን ልንጽፈው እንችላለን። እንዲህ ነው፦

«ጥቅምት 1 ቀን። ለወይዘሮ እገሊት። ከእርስዎ የተከራየሁትን አንድ ክፍል ቤት ታኅሣሥ 1 ቀን እለቃለሁ። ይህንንም ከሁለት ወር አስቀድሜ አስታውቄያለሁ። ፊርማ።»

ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ አይረሳ። ወረቀቱ ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን ለአከራይዋ እንሰጣለን፤ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው ይፈርሙልናል። አልፈርምም ካሉ እንደ በሬው ግዢ ሁለት እማኝ ይዘን እንሰጣለን፤ እማኞቹም በእኛ ቅጂ ላይ ይፈርማሉ። በመልቀቂያው ቀን የውሃና የመብራት ሒሳብ ይዘጋል፤ ቤቱ አብሮ ይታያል፤ ቁልፉ በእጅ ይሰጣል። ውሉ የተመዘገበበት ወረዳም መቋረጡን እንዲያውቅ ይደረጋል።