«ማንን ልወክል?» ላለችኝ ወጣት የመድን ወኪል

ልጄ፣ የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ ይዘሽ ነቀምቴ ላይ የመድን ወኪልነት ልትጀምሪ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። «ከየትኛው ኩባንያ ጋር ልፈራረም?» ብለሽ የላክሽልኝ ጥያቄ ግን ከስልክ ወሬ በላይ ነው። ወደ አንቺ የሚመጡት ከጊምቢ ቡና የሚጭን አይሱዙ ያለው፣ በመንዲ በኩል አሶሳ የሚመላለስ ቅጥቅጥ ያለው፣ ሲቡ ሲሬ ላይ የበቆሎ መጋዘን የሚያከራይ፣ ባጃጁን ለሌላ ሾፌር የሰጠ ናቸው። መድን ሰጪዎች ፊታቸውን የሚያጠቁሩባቸው ደንበኞች እነዚሁ ናቸው። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ ስለሆነ የማውቀውን በተራ በተራ ላስቀምጥልሽ።

1. የማን ሰው እንደሆንሽ እወቂ። ወኪል በመድን ሰጪው ስም ይሠራል፤ ደላላ ግን ለገዢው ቆሞ ገበያውን ያፈላልጋል። የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 ሁለቱን ለይቶ ያስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ደንበኛሽ ይህን አያውቅም፤ ለእሱ ኩባንያው ማለት አንቺ ነሽ። ካሳው ሲዘገይበት አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ አይጮህም፤ በጠዋት በርሽ ላይ ነው የምታገኚው። ስለዚህ ኩባንያ ስትመርጪ ለጎረቤቶችሽ ጭምር እየመረጥሽ ነው። ከአንድ በላይ መወከል ካማረሽም መጀመሪያ የፈቃድሽን መመሪያና የወኪልነት ውልሽን አንብቢ፤ ኩባንያውንም በጽሑፍ አስፈቅጂ።

2. ስለ ኮሚሽን መጨረሻ ላይ ጠይቂ። ዛሬ መምረጥ ትችያለሽ፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1967 የግል መድን ድርጅቶች ተወርሰው የአሥራ ሦስቱ ሀብትና ዕዳ ለኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተላለፈ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ወኪልም ደንበኛም ምርጫ አልነበራቸውም። በ1986 ዘርፉ ለግል ባለሀብት ሲከፈት አዋሽ፣ አፍሪካ፣ ኅብረት፣ ናይል፣ ኒያላ እያሉ ተከታተሉ፤ ኦሮሚያ ኢንሹራንስና ሌሎቹም በኋላ መጡ። ዛሬ ገበያው ውስጥ 18 ያህል መድን ሰጪዎች አሉ፤ እንዳንቺ ሠፈሩን የሚያውቅ ወኪል ለማግኘትም ይሻማሉ። ኮሚሽን ከፍ አድርጎ የሚጀምርልሽን ኩባንያ ካሳ አከፋፈሉ እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቂ አትፈርሚለት። የዓመቱ ኮሚሽንሽ አንድ የተከፋ ደንበኛ ገበያ ውስጥ የሚነዛብሽን ወሬ አይሸፍንልሽም።

3. ካሳ የሚወሰነው የት እንደሆነ እወቂ። ደዴሳ ሸለቆ ውስጥ የተገለበጠ አንድ አይሱዙ አስታውሳለሁ። ባለቤቱ የፖሊስ ሪፖርቱንም የጋራዥ ፕሮፎርማውንም በሳምንቱ አስገባ። ጉዳቱን የሚገምተው ሰው ግን ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት፤ ዛሬ መንገድ ተዘግቷል፣ ነገ መኪና የለም እየተባለ ቀኑ ነጎደ። አይሱዙው ፖሊስ ጣቢያ ግቢ እንደቆመ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ሁለት ጎማ፣ በመጨረሻ ዳይናሞው ተፈትቶ ሄደ። ገማቹ ሲደርስ የጎደለውን ሁሉ «በአደጋው የደረሰ አይደለም» ብሎ ቀነሰው። ፖሊሲው ላይ አንድም ስህተት አልነበረም፤ ሰውየው የከሰረው ኩባንያው ወለጋ ውስጥ እጅ ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ ቅርንጫፉ እስከ ስንት ብር ያለውን ካሳ ራሱ ይወስናል? ገማቹ የት ነው የሚኖረው? ክሬንና ጥበቃውን ማን ይከፍላል? ደምቢ ዶሎና ሻምቡ ላይ ኩባንያው የሚስማማበት ጋራዥ አለ ወይ? «ሁሉም በዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ካለሽ መልሱን አገኘሽ።

4. ፖሊሲውን ከማይሸፍነው ጀምረሽ አንብቢ። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል። ደንበኛው «ሙሉ ዋስትና» ሲባል ሁሉም ነገር ተሸፈነ ብሎ ያስባል። ሰነዱ ግን ጦርነትን፣ የእርስ በርስ ጦርነትንና አመፅን ያወጣል፤ ረብሻና የሥራ ማቆም አድማም ብዙ ጊዜ የሚገቡት በተጨማሪ አረቦን ነው። ባለፉት ዓመታት በወለጋ መንገዶች ላይ ስንት መኪና እንደተቃጠለ አንቺም ታውቂያለሽ። አንድ የጭነት መኪና ሲቃጠል «ማን አቃጠለው? ድርጊቱስ ምን ይባላል?» የሚለው ጥያቄ ካሳውን ይወስነዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2013 «ሸኔ»ን በሽብርተኝነት ፈርጇል፤ አድራጊው በዚያ ስም ከተጠራ ጉዳቱ ከረብሻ አንቀጽ ወጥቶ ወደ ሽብር ሊገባ ይችላል። የረብሻ ሽፋን ብቻ የጨመረ ሰው ያኔ ባዶ እጁን ይቀራል። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ዋስትና ለብቻው የሚጠየቅ፣ ለብቻውም የሚከፈልበት ነው። ለመውከል ያሰብሽው ኩባንያ ይህን ሽፋን ለወለጋ መስመር ይሸጣል ወይ? በስንት? የትኞቹን ወረዳዎች አውጥቶ? መልሱን በደብዳቤ ካልሰጠሽ እንደሌለ ቁጠሪው።

5. ከኩባንያው ጀርባ ማን እንዳለ ጠይቂ። ቡና የሞላ መጋዘን ቢቃጠል አንድ መድን ሰጪ ብቻውን አይችለውም፤ አደጋውን ለጠለፋ መድን ሰጪዎች ያካፍላል። አገራችን የራሷን የጠለፋ መድን ኩባንያ ኢትዮጵያን ሪን በ2008 ሥራ አስጀምራለች፤ አፍሪካ ሪና ዜፕ ሪም አሉ። ለከባድ አደጋ የሚሰጥ ሽፋን የሚጸናው የጠለፋ መድን ሰጪው ከተስማማ ነው። ስለዚህ ትልቅ ንብረት ስታመጪ «የጠለፋ መድን ሰጪው ተቀብሎታል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ «እናስገባዋለን» የሚለውን መልስ አትቀበዪ። ኩባንያዎቹ በየዓመቱ የተመረመረ ሒሳባቸውን በጋዜጣ ያወጣሉ፤ ቆርጠሽ አስቀምጪው። ያልተከፈለ ካሳው ከአረቦኑ ይልቅ በፍጥነት እያደገ የሚሄድ ኩባንያ ካየሽ ምክንያቱን ጠይቂ።

6. ግምቱን የሚያድስ ኩባንያ ምረጪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ አይተሻል። ብዙ ባለንብረት ግን አረቦን ላለመጨመር በድሮው ግምት እያሳደሰ ነው። ሦስት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አይሱዙ በአንድ ሚሊዮን ተኩል ተመዝግቦ የአራት መቶ ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት ኩባንያው እንደ ግምቱ መጠን ግማሹን፣ ሁለት መቶ ሺህ ብር ይከፍላል፤ የራስ ድርሻውም ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ደንበኛው ተዘረፍኩ ይላል፤ የሚረግመውም አንቺን ነው። በእድሳት ጊዜ ዋጋው እንዲስተካከል በጽሑፍ የሚያሳስብ ኩባንያ ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ይበጃል። እሱ ካላደረገው አንቺ አድርጊው፤ አልፈልግም ያለሽን ሰው ደግሞ አስፈርሚው።

7. የደንበኛሽን ታሪክ አትደብቂ። «ባለፈው ዓመት ሁለቴ መጋጨቴን አትጻፊ» የሚልሽ ይኖራል፤ ባጃጁን ወንድሙ እንደሚነዳው፣ የቤት መኪናው ሰው እንደሚጭንበት የማይነግርሽም አለ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት አውቆ አደጋውን የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል፤ የከፈለውም አረቦን አይመለስለትም። ጥሩ ኩባንያ የምትዪው እውነቱ ሲነገረው ዋጋ ጨምሮ ወይም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ የሚቀበለውን ነው፦ ማታ አይነዳም፣ ሾፌሩ ይህን ያህል ዓመት ልምድ ይኑረው፣ መጋዘኑ እሳት ማጥፊያ ይኑረው። ቅርንጫፉ ራሱ «ዝም ብለሽ ሙዪው፣ በኋላ እናያለን» ካለሽ ውልሽን አንሺና ውጪ። ያ «በኋላ» የሚመጣው ካሳ ሲጠየቅ ነው።

8. አረቦን በቦርሳሽ አይደር። አረቦን ካልተከፈለ ዋስትና የለም። ደንበኛው ባንክ ገብቶ ራሱ ይክፈል፤ ደረሰኙንም በእጁ ይያዝ። በዱቤ ያስገባሽለት መኪና ማታውን ቢገለበጥ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።

9. የሦስተኛ ወገንን አትናቂ። ኮሚሽኑ ትንሽ ነው፤ ግን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ ከደንበኛ ጋር የምትተዋወቂው በእሱ ነው። ባለ ባጃጁ የገጨው ሰው ቤተሰብ ሳይንከራተት ካሳ ካገኘ መጋዘን ያለው አጎቱ ዓመቱ ሳያልቅ ይጠራሻል።

10. እምቢ ለማለት አትፍሪ። የወከልሽው ኩባንያ የማይሸፍነው ንብረት ሲመጣ ሰውየውን ሌላ ኩባንያ ወይም ደላላ ዘንድ ላኪው። ዛሬ ኮሚሽኑ ቢቀርብሽም ሰውየው በሌላ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል።

ከእነዚህ ሁሉ የቱን ላስቀድም ካልሽ፣ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ነቀምቴ መናኸሪያና የጭነት ተራው ሄደሽ ካሳ የጠየቁ ሰዎችን ፈልጊ። የተከፈላቸውንም፣ የተከለከሉትንም። በስንት ጊዜ ተከፈላችሁ? ምን ተቀነሰባችሁ? ስልካችሁን ያነሳ ሰው ነበር? ብለሽ ጠይቂያቸው። ስሙ ደጋግሞ በክፉ የሚነሳውን ኩባንያ ኮሚሽኑ ምንም ያህል ቢያምር ተዪው። ሲዘገይ እንኳ ምክንያቱን ነግሮናል የሚሉትን ያዢ።