ስንት ደቂቃ አለን?

ባለፈው ሳምንት ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ፣ አንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ጉዳይ ነበረኝ። መብራት ስለጠፋ ሊፍቱ ቆሟል፤ በእግሬ ወጣሁ። ደረጃው 1.20 ሜትር ያህል ይሰፋል። አራተኛው ፎቅ ላይ ግን ግማሹን የጫማ ካርቶን ይዞታል፤ ትከሻዬን አዙሬ አለፍኩ። ከኋላ በኩል ወደ ሁለተኛው ደረጃ የሚያስወጣው የብረት በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ስወርድ ዘበኛውን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ሌባ አስቸግሮን ነው። ቁልፉ እኔ ጋ አለ» አሉኝ።

የእሳት ደኅንነት ሕግ የሚጻፍባቸውን ሁለት መንገዶች ለመረዳት ይህ ሕንፃ ይበቃናል። አንደኛው መንገድ መጠን ያዝዛል፦ ደረጃው ይህን ያህል ይስፋ፣ ከክፍል እስከ መውጫ ከዚህ አይራቅ፣ በሩ ይህን ያህል ደቂቃ እሳት ይቻል። ተቆጣጣሪው ሜትር ይዞ መጥቶ ይለካል፣ ይፈርማል። ሁለተኛው ውጤቱን ይጠይቃል፦ እሳት ቢነሣ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ጭሱ ሳይቀድመው መውጣት አለበት፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን ሠሪው በስሌት ያሳይ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ኒውዚላንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ጃፓን በ2000 ወደዚህ አካሄድ ገብተዋል። ውጤት ተኮር ኮድ የሚባለው ይኸው ነው።

ለረጅም ሕንፃ ይህ ጥያቄ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በእኛ አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ ሁሉ ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቶት ነበር። ስለዚህ በዚያ አዋጅ የኮልፌው ባለ ዘጠኝ ፎቅና ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲጠየቅባቸው ምድባቸው አንድ ነበር። እሳት ሲነሣ ግን አይገናኙም። የተለመደው የእሳት አደጋ መኪና መሰላል 30 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ላለ ሰው ያለው መሰላል ደረጃው ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። የኮልፌው ሕንፃ ውስጥ 400 ሰው አለ እንበል። ጭስ ጠቋሚ ስለሌለ አንድ ሰው አይቶ እስኪጮህ 3 ደቂቃ ይሄዳል። ሰው ጩኸት ሰምቶ ወዲያው አይነሣም፤ ባለሱቁ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ መዝጊያውን ያወርዳል፣ ወዳጁን ይጣራል። ለዚህም 3 ደቂቃ እንያዝ። 1.20 ሜትር ደረጃ በደቂቃ 60 ሰው ገደማ ያሳልፋል፤ ለ400 ሰው ወደ 7 ደቂቃ ማለት ነው። ድምሩ 13 ነው። ካርቶኑ መንገዱን በግማሽ ካጠበበው 7ቱ ወደ 13 ያድጋል፣ ድምሩም ወደ 19 ይጠጋል። ጓጉንቸሩ ባይኖር ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልቅ ነበር።

በሌላው ወገን ያለው እሳቱ ነው። መሐንዲሶች እንደሚቀጣጠለው ነገር የእሳትን ዕድገት በደረጃ ይከፍሉታል። ፈጣን የሚባለው እሳት በ150 ሴኮንድ 1 ሜጋ ዋት ገደማ ይደርሳል፤ ወደ 300 የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ ማንደድ ነው። ጊዜው እጥፍ ሲሆን እሳቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጭሱ ደግሞ ነበልባሉን አይጠብቅም። የገበያ ሕንፃዎቻችን ብዙ ጊዜ መሃላቸው ክፍት ነው፣ ጣራቸው ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ከታች የተነሣ ጭስ በዚያ ክፍተት ሽቅብ ይወጣና ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ወደ ታች ይሞላል። መጠን የሚያዝዘው ሕግ «ክፍተቱን ዝጋው» ይላል። ውጤት ተኮሩ «ክፍተቱን ከፈለግኸው ጣራው ላይ የጭስ መውጫ አድርግና ከ13ኛው ደቂቃ በኋላም ጭሱ ከሰው ራስ በላይ እንደሚቆይ አስላልኝ» ይላል። የዚህ አካሄድ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ሌላው ጥቅም ስሌቱ የራሳችንን መሬት ማወቁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ጄኔሬተር ጉልበቱ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ በንድፈ ሐሳብ ውሃን ከ10 ሜትር ጥልቀት የሚስብ ፓምፕ እዚህ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ውሃው ራሱ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጣራ ላይ የተቀመጠ 5,000 ሊትር ሮቶ፣ በደቂቃ 400 ሊትር ለሚተፋ የእሳት ማጥፊያ ቱቦ፣ የ12 ደቂቃ ውሃ ነው፤ ያውም ሞልቶ ከተገኘ። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለመጸዳጃና ለኩሽና የሚወርደው ቧንቧ ከሮቶው ወገብ ላይ ይውጣ፣ የእሳቱ ከሥሩ። ነዋሪው ውሃ አለቀ ሲል ግማሹ ለእሳት ይቀራል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓን መሠረት አድርጋ ባወጣቻቸው የግንባታ ደረጃዎች ውስጥ ኮንክሪትና ብረት እሳት ውስጥ ስለሚሆኑት የሚናገሩ ክፍሎች አሉ። መሐንዲሱ ከሰንጠረዥ ማንበብም በስሌት ማሳየትም ይችላል። ስለዚህ ሐሳቡ ለባለሙያዎቻችን እንግዳ አይደለም። የሚያሳስበኝ ስሌቱ የቆመበት ግምት ነው።

ለንደን ውስጥ ባለ 24 ፎቁ የግሬንፌል መኖሪያ ሕንፃ አንድ ደረጃ ብቻ ነበረው። እሳት ከተነሣበት ቤት አይወጣም ተብሎ ስለታመነ ነዋሪው ቤቱ እንዲቆይ ይነገረው ነበር። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. አራተኛ ፎቅ የተነሣ እሳት መሃሉ ፕላስቲክ የሆነውን የውጭ አሉሚኒየም ልባስ ያዘና በ20 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ደረሰ። 72 ሰው ሞተ፤ ከነሱም ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። ግምቱን ያፈረሰው በኋላ የተለጠፈው ልባስ ነው። በኛም ከተማ እንዲህ ያለ ልባስ በየቀኑ ይለጠፋል። የሕንፃ ባለቤት ሁሉ ከቀለሙ በፊት መሃሉ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ እወዳለሁ።

ኒውዚላንድም ከአዲሱ ሕግ በኋላ በውሃ ስርገት እንጨታቸው የበሰበሰ ብዙ ቤቶች አትርፋለች፤ ሕጉ ለሠሪው ነጻነት ሲሰጥ የሚመረምረው ዓይን አብሮ አልጠነከረም ነበር። ስሌት የሚያነብ ተቆጣጣሪ ሜትር ከሚዘረጋው የበለጠ መማር አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ስሌቱ ከሕንፃው ጋር መኖር አለበት። ቢሮ የነበረው ክሊኒክ ሲሆን ከአልጋ የማይነሣ ሰው ይገባበታል፤ ሱቁ መጋዘን ሲሆን የሚነደው ይበዛል። በሕንፃው ዙሪያ ያለውም ስሌቱ ውስጥ ይገባል፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ ከኮልፌ ብዙ በማይርቀው የመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሣ፣ የአካባቢው መጣበብ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ፈትኗቸዋል። በእኔ እምነት ረጅም ሕንፃ ሁሉ ግምቶቹን በአንድ ገጽ ግልጽ አማርኛ ጽፎ መግቢያው ላይ መስቀል ይኖርበታል፦ ስንት ሰው ይይዛል፣ የትኞቹ በሮች ያለ ቁልፍ ተገፍተው ይከፈታሉ፣ ሮቶው ውስጥ ስንት ሊትር ለእሳት ይቆያል፤ ከሥሩም የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥሩ 939።

ዘበኛውን ከመሰናበቴ በፊት ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኳቸው። የኮታቸውን ኪስ መታ መታ አደረጉ። «አብሮኝ ነው የሚሄደው» አሉ።