ታሞ የማቀቀውስ?

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። በ1993 የወጣው የአገራችን የጤና ፖሊሲም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መከላከልን ያስቀደመ ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶች አሠልጥኖ ሲያሰማራ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እንዲያስተምሩ ብሎ ነው። ሐሳቡን አንቃወምም። ሐኪሙም ገንዘቡም ጥቂት በሆነበት አገር ሆስፒታል በመሥራት ብቻ በሽታን ማሸነፍ አይቻልም። ነገር ግን አባባሉ የሚናገረው ገና ላልታመመ ሰው ነው። ታሞ ለሚማቅቀውስ ምን ይላል?

ጥያቄው በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ አገርና አንድ በሽታ እንያዝ። አገሩ በጎጃም የአዊ ደጋ፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው ነው። በሽታውም ሕዝቡ ዝሆኔ ወይም የእግር እብጠት የሚለው፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው።

በእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ያየ ሰው ያ ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር መሆኑን ለማመን አይቸገርም፤ ሐይቁ የተኛው በጥንቱ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ከእንዲህ ያለ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ገብስና ድንች ያበቅላል፤ በባዶ እግር ለሚሄደው ገበሬ ግን ጠላት ነው። በሽታው የሚገኘው ቀይ አፈር ባለበት፣ ከፍታው ከ1000 ሜትር፣ የዓመቱም ዝናብ ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ሲሆን፣ የአዊ ደጋ ሁለቱንም ብዙ ያልፋቸዋል።

ኧርነስት ፕራይስ የተባሉት እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በ1970ዎቹ በአገራችን መርምረው ያስረዱት ነገር ይህ ነው። በሽታው ትንኝ የምታስተላልፈው የቆላው ዝሆኔ አይደለም፤ ትልም የለበትም፣ ጀርምም አያመጣውም። ደቃቅ የአፈር ብናኝ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ቆዳ እየገባ ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግሩ ከታች ጀምሮ ወደ ጉልበት ያብጣል። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ሕዝቡ ግን «በዘር ነው» እያለ ጋብቻ ይከለክላል። በወላይታ ተጠንቶ በ2012 የታተመ ምርምር ተጋላጭነቱ በከፊል በዘር እንደሚወረስ ስላሳየ፣ ሕዝቡ ጨርሶ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። የሚወረሰው ግን በሽታው ራሱ ሳይሆን ለአፈሩ ቶሎ መሸነፍ ነው። የሕመምተኛ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ የአባቱ በሽታ አይደርስበትም።

እንግዲህ ለመከላከል ከዚህ የቀለለ በሽታ ከየት ይመጣል? ብዙዎቻችን ክርክሩን የምንዘጋው እዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው እግሩ አብጦ እንደሚኖር ይገመታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእነዚህ ወደ አንዱ ቤት ገብታ «ጫማ ያድርጉ» ብትል፣ ገበያ ላይ ካለው ጫማ እግሩን የሚያስገባ አንድም አይገኝ ይሆናል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ለሰሚው ግን ከስድብ አይለይም።

ሕክምናውም የሚያስደንቅ ጥበብ የለበትም። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ከዚያም ካልሲና በልክ የተሰፋ ጫማ ነው። (ሐኪም ለመሆን ያን ያህል ዓመት የሚማሩት ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ጥቂት ቅር ይላቸዋል።) ከአዊ ብዙ በማይርቀው በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ፣ 696 ሕሙማን በተካፈሉበትና በ2018 በታተመ ጥናት፣ ሕክምናው የዘገየለት ሕመምተኛ በዓመት 24 ጊዜ ያህል በእግር ቁስለትና በትኩሳት ሲወድቅ፣ ወዲያው የታከመው 19 ጊዜ ያህል ወድቋል። በዓመት 19 ጊዜ መታመም ጤና ነው አንልም። አምስት ጊዜ መቅረቱ ግን በእርሻና በአጨዳ ወራት ስንት የሥራ ቀን እንደሚያተርፍ፣ ገበሬ ወላጅ ያለው ተማሪ ያስላው።

ልብ እንበል፤ መከላከያውና መድኃኒቱ አንድ ናቸው፦ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጫማ። በበጀት መዝገብ አንዱ «መከላከል»፣ ሌላው «ሕክምና» ተብሎ ለሁለት ሲከፈል ሕመምተኛው በመካከል ይቀራል። በ1954 የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኑን፣ ኮሚኒቲ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን ሲያሠለጥን፣ ማከሙና መከላከሉ እንዳይለያዩ አስቦ ነበር። በ1998 በወላይታ የተጀመረው የእግር እብጠት ሥራም የታከሙትን ሕሙማን ራሳቸውን አስተማሪ አደረገ። እግሩ ሲቀንስለት ያዩት ጎረቤት ስለ ጫማ ቢናገር፣ ከግድግዳ ጽሑፍ ይልቅ ይታመናል።

ስለዚህ እኛ የምንለው፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ሕመምተኛ ወዳለበት ቤት ይግባ ነው። ለአባትየው ሳሙናና በልክ የተሰፋ ጫማ፣ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ጫማ በአንድ ቀን ይሰጥ። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ብዙውን ትቶ ጥቂቱን መርዳት ነው ይሉናል። ነገር ግን ለአፈሩ ቶሎ የሚሸነፉት ልጆች ያሉት በዚያው ቤት ነው። በዚያው ዞን፣ በጃዊ ቆላ፣ ስለ ወባ ብንነጋገር ሚዛኑ ሌላ ይሆን ነበር፤ አጎበሩ ለሁሉም ቤት መድረስ አለበት። እዚያም ቢሆን ፈጥኖ የታከመ ሕመምተኛ ለትንኟ የወባ ምንጭ መሆኑ ይቀንሳል።

የሚቀረው የጫማው ነገር ነው። ለስላሳ ቆዳ ያለው፣ ሰፋ ያለ፣ እብጠቱ እየቀነሰ ሲሄድ በማሰሪያ የሚጠብ መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን የሚሰፋ እጅ በዳንግላም በእንጅባራም አይጠፋም።