ሐምሌ እና ጁላይ፦ የአሮጌ ሪፖርት ወደ ድረ ገጽ ዝውውር

በሐሙሲት አቅራቢያ የሚያልፈው የጉማራ ወንዝ ዕለታዊ የውሃ መጠን በአንድ አሮጌ የመረጃ ቋት ተመዝግቧል እንበል። ቋቱ ወርሃዊ ሪፖርት የሚያወጣው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የድርጅቱ ድረ ገጽ የሚሠራው ግን በጎርጎርዮሳዊው ነው። ሐምሌን ‹‹ጁላይ›› ብለን ብንሰይመው ይበቃልን? ሐምሌ 1 ቀን ጁላይ 8 ይውላል፤ ስለዚህ የሐምሌ ድምር 24 የጁላይና 6 የኦገስት ቀናትን ይይዛል። የቀሩት 7 የጁላይ ቀናት በሰኔ ድምር ተውጠዋል፤ በዚህ ወቅት ደግሞ ወንዙ በፍጥነት ይሞላል። ድምርን ወደ ዕለታት መልሰን መበተን ስለማንችል፣ ወደ ድረ ገጹ የምናሻግረው ሪፖርቱን ሳይሆን የዕለት መዝገቡን ነው፤ ቀኑን ለውጠን እንደገና እንደምራለን። የውጭ ፕሮግራም 13ኛ ወር ላያውቅ ይችላልና ከዝውውሩ በኋላ የዓመቱን ቀናት እንቁጠር፤ 360 ብቻ ከሆኑ ጳጉሜን ጠፍታለች።