ደርቦ መሳፈር፦ የሻንጣ ክፍያን ለብሶ ስለማለፍ

ከለንደን ስታንስቴድ ወደ ቤርጋሞ የሚበር የርካሽ አየር መንገድ ትኬት፣ ቀኑ ከገጠመ፣ ከአንድ ምሳ ባልበለጠ ዋጋ ይገኛል። የተገዛው ግን ወንበር ብቻ ነው። በነጻ የሚፈቀደው ከፊት ካለው ወንበር ሥር የሚገባ አንድ ትንሽ ቦርሳ ሲሆን፣ ከዚያ የተረፈው ሁሉ ይከፈልበታል። ዕቃው መሳፈሪያ በር ላይ ከተያዘ ክፍያው ከትኬቱም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መንገደኛው ቦርሳ ውስጥ አልገባ ያለውን ለብሶ መሄድ ጀመረ። ዘዴው ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ የገባው ሰው ግን አምስት ሹራብ መደራረብ አያስፈልገውም፤ አንድ ባለ ብዙ ኪስ ጃኬት ይበቃዋል።

የሚከፈለው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ክፍያው የኪሎ ይመስለዋል። አጀማመሩም ለዚህ ግምት ምክንያት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው የሚጫን ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ሲጀምር የነዳጅ ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ስፒሪት የተባለው ርካሽ አየር መንገድ በ2010 ከዚያም አልፎ፣ ከወንበር በላይ በሚቀመጠው የእጅ ሻንጣ ላይ ሳይቀር ዋጋ አወጣ።

ግን አምስት ኪሎ ልብስ ቦርሳ ውስጥም ሆነ ትከሻ ላይ ያው አምስት ኪሎ ነው። አውሮፕላኑ ልዩነቱን አያውቀውም። ጭነቱን የሚያሰሉትም ሰዎች ተሳፋሪን አንድ በአንድ አይመዝኑም፤ በአውሮፓ ደንብ ለአብዛኛው መደበኛ በረራ አንድ አዋቂ ከእጅ ዕቃው ጋር በአማካይ 84 ኪሎ ተብሎ ይያዛል። ፊንኤር በ2024 ሄልሲንኪ ላይ ፈቃደኛ መንገደኞችን ከነቦርሳቸው የመዘነው ይህን አማካይ ለማጣራት እንጂ ማንንም ለማስከፈል አልነበረም።

የሚሸጠው ቦታና ጊዜ ነው። የራያንኤር ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን 189 ወንበር አለው፤ ሁሉም ባለጎማ ሻንጣ እየጎተተ ቢገባ መደርደሪያው አይበቃም። ቦታ ያጣው ሻንጣ በሰው መሐል ተመልሶ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው እስኪወርድ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። ኩባንያው ደግሞ አውሮፕላኑ አርፎ እንደገና እስኪነሳ የሚመድበው 25 ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ ክፍያው ራሱ ዳጎስ ያለ ገቢ ነው። የራያንኤሩ አለቃ ማይክል ኦሊሪ፣ ልኩን ያለፈ ቦርሳ ለያዘ ሠራተኛ የሚሰጠው ጉርሻ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ከ1.50 ወደ 2.50 ዩሮ ከፍ እንደሚል በአደባባይ ተናግረዋል።

እንግዲህ በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ዓይኗ ያለው ቦርሳው ላይ ነው። ለካፖርት የሚከፈል ጉርሻ የለም።

ሳጥን ወይስ ሚዛን?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዳንዱ አየር መንገድ በሳጥን ይለካል፣ አንዳንዱ በሚዛን። የሚለበሰውም ነገር እንደዚያው ይለያያል።

በሳጥን ከሚለኩት ራያንኤርና ዊዝ ኤር በነጻ የሚፈቅዱት ቦርሳ 40×30×20 ሳንቲ ሜትር ነው። ስናባዛው 24,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 24 ሊትር ይሆናል። ራያንኤር እስከ 2025 ድረስ የሚፈቅደው 20 ሊትር ብቻ ነበር። ኢዚጄት በ45×36×20 ትንሽ ለጋስ ነው፤ 32 ሊትር ይደርሳል። ሳጥኑ ክብደት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ነው። ስለዚህ የሚለበሰው ቢቀልም ቦታ የሚበላው ነው፦ በላባ የተሞላው የክረምት ጃኬት፣ ቦት ጫማው፣ ወፍራሙ ሹራብ። ቲሸርትና የውስጥ ልብስ ተጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ይግቡ።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ጎኑ 20 በ20 የሆነ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሊያብጥ የሚችል ኪስ 1.2 ሊትር ይይዛል። አራት እንዲህ ያለ ኪስ ያለው ጃኬት 4.8 ሊትር ተሸከመ ማለት ነው፤ የ24 ሊትሩ ቦርሳ አንድ አምስተኛ። ሦስት ሸሚዝ ደራርቦ ከማላብ ይህ ይሻላል። ለዚሁ ተብለው የተሰፉ፣ ጃክቶጎና ሩፈስ ሩ የሚባሉ ኮቶች ገበያ ላይ ወጥተዋል። በእኔ ዓይን ለባሹን ተራማጅ ቁም ሳጥን ያስመስሉታል፤ ዓሣ አጥማጆች የሚለብሱት ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ያንኑ ሥራ በትንሽ ዋጋ ይሠራል።

በሚዛን በሚለኩት ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚበረው ፍላይዱባይ ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅደው 7 ኪሎ ነው። ባለጎማው ሻንጣ ራሱ ባዶውን ሁለት ኪሎ ከመዘነ ለዕቃ የሚቀረው አምስት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ላባ ጃኬቱን መልበስ ብዙ አያተርፍም፤ ወደ ኪስ መሄድ ያለበት ትንሽና ከባዱ ነው፦ መጽሐፉ፣ ካሜራው፣ ቻርጀሩ። ልብስም ቢሆን ጂንሱ ይለበስ፣ ስስ ሱሪው ይታጠፍ። በ2019 አንዲት ፊሊፒናዊት መንገደኛ 7 ኪሎ በሚፈቀድበት በረራ ላይ 9 ኪሎ ይዛ ቀርባ፣ ሁለት ኪሎ ተኩሉን ልብስ እዚያው ደርባ ሻንጣዋን ወደ 6.5 አወረደች። ፎቶዋ ዓለምን ዞረ።

ስለ ጋቢ

እኛ ቤት ለዚህ ነገር የተፈጠረ የሚመስል ልብስ አለ። አራት ድርብ ጋቢ የቱንም ያህል ቢጠቀለል የትንሹን ቦርሳ ሲሶ ይወስዳል፤ ትከሻ ላይ ሲጣል ግን ልብስ ነው፣ ማንም ሳጥን ውስጥ አስገቢው አይልም። አውሮፕላኑ ውስጥ ቀዝቃዛው አየር ሲለቀቅ ደግሞ ብርድ ልብስ ይሆናል። በአውሮፓ የበጋ ወራት ለኢትዮጵያውያኑ የስፖርትና የባህል ፌስቲቫል ወይም ለሠርግ ከከተማ ከተማ የሚበሩ እናቶች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። የሐበሻ ቀሚሱ ወደ ቦርሳው፣ ጋቢው ወደ ትከሻ።

መቼ ይደረባል?

ከቤት ደርቦ መውጣት ትርፉ ድካም ነው። የሚጫን ሻንጣ የሌለውና ቼክ-ኢኑን በስልኩ የጨረሰ ሰው ቀጥታ ወደ ፍተሻ ነው የሚሄደው፤ ቦርሳው የሚለካው ብዙውን ጊዜ መሳፈሪያው በር ላይ ነው። ፍተሻው ላይ ጃኬት ሁሉ ይወልቃል፣ ኪስ ሁሉ ይራገፋል። አምስት ልብስ ለብሶ የተሰለፈ ሰው አምስቱንም ሊያወልቅ ነው፤ ከኋላው ያለው ሰልፍ ደግሞ አይምረውም። ስለዚህ ትናንሹ ዕቃ አስቀድሞ ዚፕ ባለው የጃኬት ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጃኬቱ እንዳለ ትሪው ላይ ይዘረጋና በማሽኑ ይለፍ። ፓወር ባንክ ካለ፣ ከ100 ዋት-ሰዓት የማይበልጠው፣ ማለትም የተለመደው 20,000 ሚሊአምፒር እንኳ፣ ከሰውየው ጋር መግባት አለበት፤ ወደ አውሮፕላኑ ዕቃ ማስቀመጫ አይወርድም። ቦርሳው በር ላይ ተወስዶ ሊጫን ከሆነም መጀመሪያ እሱ ይውጣ።

ጥሪው ሲሰማ መደረብ ይበቃል። ወንበር ላይ ሲደርሱ ይወልቃል።

አንገት ላይ የሚጠለቀውን ትራስ ጥጡን አውጥቶ በልብስ መሙላት ግን አልመክርም። ሠራተኛዋ ይህ ትራስ ሳይሆን ቦርሳ ነው ካለች ማስረዳቱ ይከብዳል።

ሙቀቱ

ለላም ቀንዷ አይከብዳትም ይባላል። ለሰው ግን ልብሱ የሚከብድበት ልክ አለው። በጁላይ 2015 አንድ ወጣት ስኮትላንዳዊ ዘፋኝ ከስታንስቴድ ወደ ግላስጎው ሲበር 45 ፓውንድ ላለመክፈል 12 ልብስ ደራረበ። አውሮፕላኑ ውስጥ በሙቀት ተዝለፍልፎ ወደቀና ሆስፒታል ገባ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሰውነት ቁጭ ብሎ እንኳ የአንድ መቶ ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ዕቃ ይዞ ሲቻኮል ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሰውነት ሲግል ያ ሙቀት በአብዛኛው የሚወጣው ላብ ሲተን ነው። በተደራረበ ልብስ መሐል የታፈነ ላብ አይተንም። ከሦስት ድርብ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ሻንጣ ነው የሚያስፈልገው። ሕፃን ላይ መደራረብ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

በር ላይ ክርክር ቢነሳ

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2014 በቩዌሊንግ አየር መንገድ ጉዳይ ለሚጫን ሻንጣ ማስከፈል እንደሚቻል ፈርዶ፣ በዚያው ፍርድ ውስጥ ግን መጠኑና ክብደቱ ምክንያታዊ የሆነ የእጅ ሻንጣ ከጉዞው የማይነጠል ስለሆነ ዋጋ ሊወጣለት አይገባም አለ። ምክንያታዊ የሚባለው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ግን አልወሰነም፤ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚያ ነው። ስፔን በኖቬምበር 2024 በዚሁ ሰበብ ራያንኤርንና ቩዌሊንግን ጨምሮ አምስት አየር መንገዶችን በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች፤ ኩባንያዎቹም ተቃወሙ።

ይህ ሁሉ በር ላይ ለቆመ ሰው ብዙ አይረዳም። በጃንዋሪ 2018 አንድ እንግሊዛዊ ኬፍላቪክ አየር ማረፊያ ላይ ስምንት ሱሪና አሥር ሸሚዝ ለብሶ ቀርቦ ሳይሳፈር ቀርቷል። አየር መንገዱ ምክንያቱን ጠባዩ ነው ቢልም፣ ዓይን የሚስብ አለባበስ ክርክር ይጠራል፤ የመጨረሻው ቃል ደግሞ የሠራተኞቹ ነው። ጃኬት የለበሰ መንገደኛን ግን ማንም አይጠይቀውም።

ለብሶ የማይታለፈው

በሳጥኑ ጥያቄ ላይ ቤት ውስጥ ሜትር አውጥቶ መለካት ከሁሉ ይቀድማል፤ ጎማውና እጀታውም ይቆጠራሉ። ካልገባ፣ ለሻንጣው ትኬቱ ሲቆረጥ መክፈል በር ላይ ከመክፈል እጅግ ይረክሳል፤ ራያንኤር በር ላይ እስከ 75 ዩሮ ይጠይቃል። ከአየር ማረፊያው ሱቅ የተገዛ ዕቃ ያለበትን አንድ ከረጢት ብዙዎቹ በተጨማሪ ይፈቅዳሉ። በርበሬና ሽሮ ዱቄት ስለሆኑ በቦርሳ ጥግ ይገባሉ። ከስቶክሆልም ወደ ሮም ለልጇ ንጥር ቅቤ የምትወስድ እናት ግን ኪስም ጋቢም አያድናትም፤ ቅቤ ፍተሻው ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በብዙ አየር ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚይዝ ዕቃ አያልፍም። ለእሱ ሻንጣ አስጭኖ መክፈል ነው።